ከመተማ ልጆች ይዞ ለጥምቀት ጎንደር፦ ማደሪያ እንዴት ይመረጣል?

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎና ተሽጦ ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚታየው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ቢዘጋም ቆላው ላይ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ እርሻው፣ አረሙ፣ የቀን ሠራተኛው ቀለብ አባትንም እናትንም ይዞ ይከርማል። ስለዚህ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ላለ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ ወጣ ለማለት የሚመቸው ጥር ነው። ጥር ላይ ደግሞ ልብ የሚሄደው ወደ ጎንደር ነው፤ ግንቡ አለ፣ ጥምቀቱ አለ፣ ዘመድ አለ።

ብዙ ሰው ለልጆቹ አዲስ ልብስ ይገዛል፣ ለዘመድ የሚወስደውን ሰሊጥና ማር ይቋጥራል፣ መኪና ያነጋግራል። የት እንደሚያድር የሚያስበው ግን መናኸሪያ ከወረደ በኋላ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ነጋዴ ይህ አይከብድም። ሦስት ልጅ ይዞ በከተራ ዋዜማ አልጋ ፍለጋ ከበር በር መዞር ግን ጉዞውን ገና ሳይጀመር ያመርረዋል። ማደሪያው ከቤት ሳይወጡ መያዝ አለበት። መለኪያው ለእኔ አንድ ነው፦ ልጅዎ ቀትር ላይ ሲደክመው በራሱ እግር ተራምዶ የሚደርስበት አልጋ። ዋጋውም፣ ውበቱም፣ ስሙም ከዚያ በኋላ ይታያሉ።

1. መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ቀኑን ይቁረጡ

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኮኪት፣ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አልፎ አዘዞ ላይ የሚወጣው አስፋልት ሰላም በሆነ ቀን በግማሽ ቀን ያልቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ግን መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በዚህ መስመር ሰው ታግቶበት ገንዘብ የተጠየቀ ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ለማደሪያ ቀብድ ከመላክዎ በፊት በዚያው ሳምንት ወጥቶ የተመለሰ ሾፌር ይጠይቁ። አንድ ብቻ አይበቃም፤ ከሌላ መኪና ሌላ ሾፌር፣ አይከል ላይ ዘመድ ካለ እሱንም ይጠይቁ። መልሳቸው «ለጊዜው ይቅርብዎ» ከሆነ ይቅር። ብቻውን ሆኖ የሚደፍር ሰው እንኳ ልጅ ይዞ አይሞክረውም።

መንገዱ ደኅና ነው ከተባለ በማለዳ ይነሡ፤ ጎንደር ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት አለብዎት። ኬላ ላይ ወርዶ መፈተሽ ስለማይቀር የሁሉም ሰው መታወቂያ ከእጅ አይራቅ፤ ከፍ ላሉት ልጆች የትምህርት ቤት መታወቂያቸው ይጠቅማል። ያው መታወቂያ ሆቴል ሲደርሱም ይጠየቃል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። ብዙ ሰው ጥር 10 ማለዳ ተነሥቶ ለከተራ ለመድረስ ያስባል። ይህን አልመክርም። ልጆቹ ከመኪና እንደወረዱ፣ ሳይበሉና ሳያርፉ፣ ወደ ትልቁ ሕዝብ መሀል ይገባሉ ማለት ነው። ጥር 8 ገብቶ ጥር 13 መመለስ ይሻላል። ጥር 9 ባዶ ቀን መስሎ ቢታይም ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ግንቡ ገና ሳይጨናነቅ ልጆቹ ያዩታል፣ ብርዱን ይለምዱታል፣ እርስዎም ከማደሪያው እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለውን መንገድ በእግር ሄደው ይለኩታል።

2. የሚያዩትን ነገር ያስቀምጡና ሠፈር ይምረጡ

ጎንደር ለልጅ የምትመቸው የሚታየው ነገር ተቀራርቦ ስለሚገኝ ነው። ማዕከሉ ፒያሳ ነው። የፋሲል ግቢ ከፒያሳ አጠገብ ነው፤ ከአፄ ፋሲል ጀምሮ ተከታትለው የነገሡት ግንባቸውን፣ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ የመዝሙር አዳራሻቸውን ያቆሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሰፊ ግቢ። አንበሶች ይያዙበት የነበረው ቤት እስካሁን አለ፤ ትንንሾቹ ከነገሥታቱ ታሪክ ይልቅ የሚጠይቁት ስለሱ ነው። ግቢው ሣር አለው፣ መኪና አይገባበትም፣ ልጅ እንደልቡ ይሮጥበታል።

ከዚያ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጥምቀተ ባሕሩ ይገኛል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ዙሪያ ግንቡን የዛፍ ሥሮች ጨምድደው ይዘውታል። በሌላው አቅጣጫ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ጣሪያው ላይ ተደርድረው የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች እንዲቆጥሩ ልጆቹን ያዟቸው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግን ዳገት ነው፤ ሕፃን ያዘለ ሰው ባጃጅ ቢይዝ ይሻለዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በከተራና በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ በሚያልፉባቸው መንገዶች ተሽከርካሪ ይቆማል። ባጃጁም ሚኒባሱም የለም። «ትንሽ ራቅ ይላል እንጂ ባጃጅ አለ» ተብሎ የተከራየ ክፍል በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጅ ትከሻ ላይ ተሸክሞ የሚኬድበት ክፍል ይሆናል። ስለዚህ ሠፈሩን ሲመርጡ በአዘቦት ቀን ያለውን ርቀት ሳይሆን በበዓሉ ቀን ያለውን ያስቡ።

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ሰው ምርጫዬ ፒያሳና አካባቢው ነው። ቋራ ሆቴልና ታዬ ሆቴልን የመሳሰሉት የታወቁት ስሞች እዚያ ናቸው፤ በውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ደግሞ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ፔንሲዮኖች አሉ። ምግብ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የዳቦና የወተት ሱቁ ሁሉ ከበር እንደወጡ ነው። ታቦታቱ በሚያልፉበት በኩል በረንዳ ያለው ክፍል ካገኙ ደግሞ ልጆቹ ሕዝቡ መሀል ሳይገቡ ዝማሬውንና እልልታውን ከላይ ሆነው ያያሉ፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ክፍል ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው። ጉድለቱ ጫጫታው ነው። ሥሩ ግሮሰሪ ወይም የምሽት ሙዚቃ ያለበት ሕንፃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የለም።

ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ያሉት ማደሪያዎች ለሌላ ዓይነት ቤተሰብ ይሆናሉ። ሌሊቱን ቅዳሴና ማሕሌት ለሚያድሩ፣ ሽማግሌ አብሯቸው ላለ፣ ልጆቻቸው ከፍ ያሉ። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ሲባረክ ከክፍል ወጥቶ መድረስ ይቻላል። በሌላ በኩል በእነዚያ ሰዓታት ከደጅ ወጥቶ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በሕዝብ መሀል መሹለክ ያስፈልጋል፤ ስንቁ አስቀድሞ ይግባ።

ኮረብታው ላይ ያለው ጎሃ ሆቴል ከተማዋን ሁሉ ከሥር ያሳያል፤ ምሽት ላይ እዚያ ሻይ መጠጣት ለማንም እመክራለሁ። ለማደር ግን የራሱ መኪና ላለውና ልጆቹ ላደጉለት ሰው ነው። አዘዞ ከመተማ ሲመጡ ቀድሞ የሚያገኙት ነው፤ አልጋው ረከስ ይላል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ከፒያሳ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገድ አዘግይቶዎት ምሽት ከደረሱ ለአንድ ሌሊት ይጠቅማል፤ ለበዓሉ በሙሉ እዚያ መክረም ግን ልጆቹን በየቀኑ መኪና ላይ ማዋል ነው።

ሙስሊም ሆነው ለግንቡ፣ ለአየሩና ለዘመድ የሚወጡ የመተማ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ለእነሱ አዲስ ዓለም ይመቻል፤ የጎንደር ሙስሊሞች የቆየ ሠፈር ስለሆነ መስጊድም የሙስሊም ሥጋ ቤትና ምግብ ቤትም እንደልብ ነው፣ ቅዳሜ ገበያም ቅርብ ነው። በሆቴል ቤት ለልጅ ምግብ ባዘዙ ቁጥር ሥጋው የማን ነው እያሉ ከመጠየቅ ያሳርፋል።

3. ዘመድ ቤት፣ ሆቴል፣ ወይስ ቤት በቀን ኪራይ?

ጎንደር ዘመድ የሌለው የመተማ ሰው ለማግኘት ያስቸግራል። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ደግሞ እንደ ንቀት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ይህን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጥምቀት ሳምንት ለዘመድም ከባድ ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከውጭ አገርም የሚመጣ እንግዳ እዚያው ቤት ይገባል። በሁለት ክፍል ቤት አሥራ አምስት ሰው ሲያድር የሚጎዱት ልጆች ናቸው፤ የሚተኙት አዋቂው ጨዋታውን ሲጨርስ ነው፣ የሚነሡት አዋቂው ሲነሣ።

ሁለቱን የሚያስማማው መንገድ ማደሪያውን ለብቻ ይዞ ውሎውን ከዘመድ ማድረግ ነው። ይህ በግልጽ፣ በጊዜ፣ በክብር ይነገር። በስልክ እንዲህ ቢሉ የሚቀየም የለም፦ «እታለም፣ ለጥምቀት ልጆቹን ይዘን እንመጣለን። ትንንሾቹ ሌሊት ያስቸግራሉ፤ አንቺም ብዙ እንግዳ አለብሽ። ለመኝታ አጠገባችሁ ክፍል ይዘናል፣ ምሳውና ቡናው ግን ከአንቺ ቤት ነው።» ሰሊጡና ማሩ ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይለሰልሳል። ደርሰው ሻንጣ ካወረዱ በኋላ «ሆቴል ይዘናል» ማለት ነው የሚያስቀይመው።

ዘመድ ቤት ማደር የሚሻልበትም ሁኔታ አለ። የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ብቻዋን ሦስት ልጅ ይዛ ከሆነ የእህት እጅ ከየትኛውም ሆቴል ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ብርድ ልብስና የልጆቹን ፍራሽ ይዞ መሄድ፣ ለአስቤዛም ገንዘብ ሳይጠየቁ ማስቀመጥ ነው።

በቀን የሚከራይ ሙሉ ቤት አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ማብሰያ አለው፣ ልብስ ይታጠብበታል። ጥር 10 የጥምቀት ጋድ ስለሆነ ትልልቆቹ ይጾማሉ፤ በዚያን ቀን ለትንንሾቹ ወተትና እንቁላል በራስ ማብሰያ ማዘጋጀት መቻል ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ በደላላ በኩል ላልታየ ቤት ቀብድ አይላክ። ጎንደር ያለ ዘመድ ሄዶ በሩን ከፍቶ፣ ውኃውን ከፍቶ፣ ባለቤቱን አነጋግሮ ይመለስ፤ ከዚያ ገንዘቡ ይላክ።

4. ስልክ ሲደውሉ የሚጠይቁት

ጥያቄው «አልጋ አለ?» ብቻ ከሆነ መልሱም «አለ፣ ይምጡ» ነው። መጀመሪያ ምን ያህል ሰው እንደሆናችሁና የልጆቹን ዕድሜ ይናገሩ። አንዳንዱ ቤት በአንድ ክፍል ከሁለት ሰው በላይ አይፈቅድም፤ አንዳንዱ ይፈቅድና ለተጨማሪ ፍራሽ ያስከፍላል። ይህ በር ላይ ሲነገር ክርክር ያስነሣል፣ በስልክ ሲነገር ግን ዋጋ ነው። አጎራባች የሆኑ ሁለት ክፍሎች ከተሰጧችሁ በመካከላቸው በር መኖሩን ይጠይቁ፤ ከሌለ አንዱ ወላጅ ከአንዱ ጋር፣ ሌላው ከሌላው ጋር ያድራል።

ቀጥሎ ውኃ ነው። ጎንደር በውኃ እጥረት የምትቸገር ከተማ ናት፤ ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ሠፈር ብዙ ነው። ስለዚህ «ውኃ አላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ሮቶ አላችሁ? ለስንት ቀን ይበቃል?» ብለው ይጠይቁ። ሆቴሉ በበዓሉ ቀን እስከ ጣሪያው እንደሚሞላ አይርሱ፤ በአዘቦት ቀን የሚበቃው ውኃ በዚያን ቀን ቀትር ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚያ ሙቅ ውኃ። ለቆላ ልጅ ይህ ቅንጦት አይደለም። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ። በጥር ሌሊት የጎንደር ብርድ ከ12 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ደጅ አልጋ አውጥቶ መተኛት ለለመደ ልጅ ይህ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ብርድ ነው። ሙቅ ውኃው በሁሉም ክፍል ነው ወይስ በጋራ መታጠቢያ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ለአንድ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ ይሰጣል? መልሱ ምንም ይሁን ጋቢና ሹራብ፣ ለልጆቹም ካልሲ ከቤት ይያዙ። መተማ ገበያ ላይ ሹራብ ፍለጋ ቢያስቸግርም ከጎንደር በበዓል ዋጋ ከመግዛት ይሻላል።

ፎቁንም ይጠይቁ። አሳንሰር በሌለበት አራተኛ ፎቅ ሕፃን፣ ሻንጣና ጀሪካን ይዞ በቀን አምስት ጊዜ መውጣት ለማንም አይመችም። በሌላ በኩል ምድር ቤቱ ለመንገድ ጫጫታ ቅርብ ነው። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመንገዱ ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ይጠይቁ፤ ታቦት ለማየት በረንዳ የፈለገ ሰው ብቻ ወደ መንገድ ያለውን ይያዝ።

ዋጋውን በመጨረሻ ያንሡት። በጥምቀት ሳምንት አልጋ በጣም ይወደዳል፣ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሚያጣላው ሲደርሱ የሚቀየር ዋጋ ነው። ስለዚህ ከየትኛው ሌሊት እስከ የትኛው ሌሊት፣ በስንት ብር፣ ስንት ሰው፣ ቁርስ አለው ወይስ የለውም የሚለውን በአጭር መልእክት ጽፈው ይላኩና «አዎ» የሚል መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ይላኩ፤ ማስረጃ ይቀራል። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ ወይም ለሌላ ጊዜ ይዛወር እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። በእኛ መስመር ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሰው አክባሪ የሆነ ባለሆቴል የመተማን ሁኔታ ያውቃልና ይስማማል። የማይስማማ ከሆነ ሌላ ይደውሉ። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ቀሪውን ሒሳብ የሚሸፍን ጥሬ ብር ተከፋፍሎ በሁለታችሁ እጅ ይኑር።

5. ሻንጣው ሳይወርድ ክፍሉን ይዩ

ቁልፍ ተቀብሎ ልጆቹን ከማስገባት በፊት አንዱ ወላጅ ብቻውን ገብቶ ይመልከት። በረንዳው ብረት ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለው? መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ልጁስ በራሱ ቆልፎ ሊቀር ይችላል? በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ሻወር ከፍተው ይሞክሩት፤ ውኃው ወይም ቧንቧው የሚነዝር ከሆነ ክፍሉን ይቀይሩ፣ «ትንሽ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ። ውኃውን በባልዲ አሙቆ ሶኬቱን ነቅሎ ልጁን ማጠብ ከሁሉም ይሻላል። ፍራሹ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ከቤት ይምጣ፤ በብርዱ የተነሣ ትልልቆቹም ሊሸኑ ይችላሉ፣ ከሆቴሉ ጋርም ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ከሰል ነው። ብርዱ ሲጠና ቡና የተፈላበትን ፍም ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ቆላ ውስጥ ቤቱ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባበታል፤ የሆቴል ክፍል ግን ዝግ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው በዚህ ነው። ፍም ወደ ክፍል አይግባ፤ ቢጠፋ እንኳ። ብርድ ከሆነ ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ አቅፎ መተኛት፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ እግራቸው ሥር ማኖር ነው።

6. ማደሪያውን በበዓሉ ቀን ይጠቀሙበት

ከበዓሉ ቦታ ቅርብ የሆነ ክፍል የሚከፈልበት ቀትር ላይ ስለሚመለሱበት ነው። ጠዋት ወጥቶ፣ አይቶ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት መመለስ፤ ማብላት፤ ሁለት ሰዓት ማስተኛት፤ ከዚያ በአሥር ሰዓት አካባቢ እንደገና መውጣት። ልጅ እስኪያለቅስ ድረስ ውጭ ማቆየት ልጁንም እርስዎንም በዓሉን ያሳጣችኋል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ የሚወርዱት ከቀትር በኋላ ስለሆነ በዚያን ቀን ጠዋቱን በክፍል ውስጥ ቢያሳልፉ አይቆጭም።

ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ለመመልከቻ ከእንጨት የሚሠራ መደርደሪያ ላይ ልጅ ይዘው አይውጡ። ጥር 2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ በተመዘገበ በወሩ ግድም፣ ሕዝቡ እጅግ በበዛበት በዚያ በዓል እንዲህ ያለው መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎች ቆስለዋል። ልጅ ትከሻ ላይ ሆኖ ከሩቅ ያየ ይብቃው። ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ወደ ገንዳው ሲዘሉ ግፊያው ከሁሉ ይከፋል፤ ጸበሉ እስኪረጭ ጠብቀው ሕዝቡ ሳይነቃነቅ ቀድመው ይውጡ።

በእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ የሁለታችሁን ስልክና የሆቴሉን ስም ይጻፉ። በየማለዳው ይታደስ፤ ላብና ውኃ ያጠፋዋል። ከፍ ላለው ልጅ አንድ መገናኛ ቦታ ያሳዩት፤ ጃንተከል ዋርካ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ጎንደር ውስጥ የትኛውንም ሰው ቢጠይቅ ያሳየዋል።

7. ልጁ ቢያተኩሰው

ከቆላ የመጣ ልጅ ጎንደር ውስጥ ሲያተኩሰው ብዙ ወላጅ «ብርድ መታው» ይልና ሻይ በዝንጅብል ያጠጣል። የወባ ትንኝ ነክሳው ትኩሳቱ እስኪነሣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ የሚነሣው ትኩሳት ከቤት ይዞት የመጣው ወባ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ባለሙያውንም ከምንም በፊት «ከመተማ ነው የመጣነው» ይበሉ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ የከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ ልጅ ካለ ደግሞ ካላዛር መሆኑን ማስመርመር ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ ለረጅም ዘመን ያከመ ነው። ማደሪያ ሲይዙ በሌሊት በር የሚከፍት ዘበኛ መኖሩን መጠየቅ ለዚህም ይጠቅማል።

ለጥምቀት ካልሆነ

ግንቡን ለማሳየት ብቻ ከሆነ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት መውጣት ይቻላል፤ አልጋው ይረክሳል፣ ባጃጁ እንደልብ ይገኛል። ያኔ ከፒያሳ ራቅ ያለ ሰፊ ግቢ ያለው ማደሪያም ይመረጣል። ጣና ሐይቅን የሚያሳዩ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት አለ፤ ዋጋው ለሁሉም ኪስ አይሆንም፣ ግን አዘዞ ወይም ጎንደር አድሮ ጎርጎራን በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሐይቅ ዳር ግን ልጅ ከዓይን አይጥፋ።

አዲስ አበባ ድረስ ለሚሄድም መለኪያው አይለወጥም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ መሀል ከተማ ናቸው፣ እንጦጦ ፓርክ ግን ተራራ ላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማድረስ አይሞክሩ። ልጆቹ የቢሾፍቱን የኩሪፍቱ የውኃ መጫወቻ ከፈለጉ አንድ ሌሊት ቢሾፍቱ ማደር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በትራፊክ ደርሶ፣ በውኃ ደክሞ፣ በዚያው ቀን ማታ መመለስ ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። ትንሽ ፔንሲዮንም ቢሆን እዚያው ቅርብ ይያዙ።

ለጥምቀት ከወሰኑ ግን ስልኩን ዛሬ ያንሡ። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ፒያሳ አካባቢ ለቤተሰብ የሚሆን ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ክፍሉን ይያዙ፣ ጋቢውን ይቋጥሩ፣ በጥር 7 ማታ ደግሞ ሾፌሩን እንደገና ይጠይቁ።